ቪዲዮ ወይስ ዶክመንቴሽን? ጎጃም ሆኖ ኮድ ለሚማር

በራሱ ጥረት ኮድ የሚማር የደብረ ማርቆስ ልጅ መጀመሪያ የሚከፍተው ዩቲዩብ ነው። አይፈረድበትም። አስተማሪው ሲጽፍ እያዩ መከተል ድፍረት ይሰጣል። ግን ዳታ ይበላል። ከዚያ የባሰው ደግሞ ማታለሉ ነው፤ ቪዲዮው እየሄደ ሁሉም የገባን ይመስለናል፣ ባዶ ፋይል ስንከፍት ግን አንዲት መስመር መጻፍ ያቅተናል።

ዶክመንቴሽን፣ ማለትም የኮድ ቋንቋን አሠራር የሚገልጽ የጽሑፍ ማብራሪያ፣ ደረቅ ነው፤ እንግሊዝኛውም ያደክማል። ሆኖም ፓይተን የሚባለው የኮድ ቋንቋ ሙሉ ማብራሪያ በነፃ ይወርዳል። ዴቭዶክስ የሚባለው ድረ ገጽም የሌላውን የኮድ ቋንቋ የጃቫስክሪፕትን ጨምሮ ብዙ ማብራሪያዎችን ያለ ኢንተርኔት ያስነብባል። ባሕር ዳር ዋይፋይ ስታገኝ ታወርዳለህ፣ ቡሬ ገብተህ ኔትወርክ ቢጠፋም ታነባለህ።

ሥራ ላይ ልዩነቱ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ኮዱ «ኢንዴክስ ኤረር» (የቦታ ቁጥር ስህተት) ብሎ ቀጥ ሲል ቪዲዮ ፍለጋ መሮጥ ቀን ይፈጃል። ያነበበ ሰው ግን ወዲያው ይጠረጥራል፦ የፓይተን ዝርዝር ከ0 ስለሚቆጥር፣ 3 ነገሮች ያሉበት ዝርዝር የመጨረሻ ቁጥሩ 2 ነው። 3 ብሎ መጥራት የሌለውን መጥራት ነው።

እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቪዲዮ ይሁን፣ ከዚያ ንባብ። ቪዲዮ ካያችሁም እያቆማችሁ በራሳችሁ ጻፉት። ቀጣሪ የሚያየው ጊትሃብ በሚባለው የኮድ ማስቀመጫ ድረ ገጽ ላይ ያስቀመጣችሁትን ሥራ እንጂ ያያችሁትን ሰዓት አይደለም።