ሱክሳሜቶኒየም ወይስ ሮኩሮኒየም፦ የግዥው ገንዘብ ለየትኛው ይውጣ?

የማደንዘዣ ክፍል የመድኃኒት ግዥ በተቃረበ ቁጥር ባልደረቦቼ ደጋግመው የሚያነሱት ጥያቄ አለ፤ የመተንፈሻ ቱቦ ለማስገባት ጡንቻን ከሚያላሉት ከእነዚህ ሁለት መድኃኒቶች የትኛው ይገዛ? መልሴ ሮኩሮኒየም ነው።

ከዋጋው ልጀምር። ሱክሳሜቶኒየም በአምፑል ሲታይ ርካሽ ነው፤ 70 ኪሎ ለሚመዝን ሰው በኪሎ 1.5 ሚሊ ግራም ሲሰላ 105 ሚሊ ግራም ስለሚሆን አንድ ባለ 100 አምፑል ሊበቃ ጥቂት ይቀረዋል። ሮኩሮኒየም በኪሎ 1.2 ሲሰጥ 84 ሚሊ ግራም ነውና ባለ 50 ብልቃጥ ሁለት ይከፈትለታል፤ ስለዚህ አንድን አምፑል ከአንድ ብልቃጥ ጋር የሚያስተያይ ሰንጠረዥ ገዢውን ያሳስታል። በሌላ በኩል ሱክሳሜቶኒየም ማሊግናንት ሃይፐርተርሚያን (የሰውነት ሙቀት ክፉኛ የሚያሻቅብበትን ገዳይ ችግር) ሊቀሰቅስ ስለሚችል ባለበት ሁሉ የዚህ ችግር መድኃኒት የሆነው ዳንትሮሊን መኖር አለበት። በትንፋሽ የሚሰጥ ማደንዘዣ በማይሠራበት የድንገተኛ ክፍል ይህን ወጪ የሚያስከትለው እርሱ ብቻ ነው፤ የዳንትሮሊን የመጀመሪያ መጠን በኪሎ 2.5 ሚሊ ግራም ሲሆን፣ ለዚያው ታካሚ ባለ 20 ብልቃጥ ዘጠኝ ያስፈልጋል፤ አብዛኛውን ጊዜም ሳይነካ ቀኑ ያልፍበታል።

ከዋጋው በላይ የሚያሳስበኝ ቅዝቃዜው ነው። ሁለቱም ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይቀመጣሉ፤ ከማቀዝቀዣ ሲወጡ ግን ሮኩሮኒየም የተሻለ ይታገሣል። በረዶው ቀልጦ፣ ካርቶኑ ርሶ የደረሰ የሱክሳሜቶኒየም ጭነት አይቻለሁ፤ ፈሳሹ እንደ ውኃ የጠራ ነበር፣ የታካሚው መንጋጋ ግን አልላላም፣ የድምፅ አውታሮቹም ይንቀሳቀሱ ነበር። የተበላሸውን ከደህናው በዓይን መለየት አይቻልም፤ ስለዚህ የጉዞውን የሙቀት መዝገብ የማያቀርብ አቅራቢ ምንም ያህል ቢያረክስ አይገዛ።

ሱክሳሜቶኒየም ነርቭ ጡንቻን የሚያዝበት ኬሚካል የሆነው የአሴቲልኮሊን ሁለት ሞለኪውሎች የተጣመሩበት በመሆኑ የጡንቻውን ተቀባይ ከፍቶ ይይዘዋል፤ በጤነኛ ሰው ደም ውስጥ ያለውን ፖታሲየም በ0.5 ሚሊሞል በሊትር ገደማ ከፍ ያደርጋል። ቃጠሎ፣ የአከርካሪ ጉዳት ወይም ረጅም የአልጋ ቁራኛነት ቀናት ባስቆጠረበት ታካሚ ግን ተቀባዮቹ ስለሚበዙ ጭማሪው ልብን ሊያቆም ይችላል። መድኃኒቱን የሚያፈርሰው ኢንዛይም፣ የፕላዝማ ኮሊንስትሬዝ፣ በዘር ጉድለት ያለበት ሰው ደግሞ በደቂቃዎች ፋንታ ለሰዓታት ሽባ ሆኖ ይቆያል። ሮኩሮኒየም ተቀባዩን ዘግቶ ብቻ ስለሚቀመጥ እነዚህን ችግሮች አያመጣም። ዘገምተኛ ነው የሚሉት በኪሎ 0.6 የሰጡት ናቸው፤ በ1.2 በ60 ሰከንድ ገደማ ይደርሳል።

የሚቆየው አንድ ሰዓትና ከዚያም በላይ መሆኑ እውነተኛ ጉድለቱ ነው፤ ታካሚው ነቅቶ ሽባ እንዳይሆን ማስተኛው ወዲያውኑ መቀጠል አለበት። ፈጥኖ ለመቀልበስ ሱጋማዴክስ በኪሎ 16 ሚሊ ግራም፣ ማለትም ባለ 500 ብልቃጥ ሦስት ያስፈልጋል፤ ውድ ነው። ነገር ግን ቱቦው እምቢ ሲል ታካሚውን የሚያድነው ኦክስጅን የሚደርስበት መንገድ ነው፤ የሱክሳሜቶኒየም ኃይል እስኪያልቅም ቢሆን የኦክስጅኑ መጠን ቀድሞ ሊወድቅ ይችላል።

ሱክሳሜቶኒየምን ጨርሶ ከመደርደሪያ አላወጣም፤ ማንቁርቱ ተኮማትሮ የደም ሥር መስመር ለሌለው ልጅ በኪሎ 4 ሚሊ ግራም በጡንቻ ሊወጋ ስለሚችል፣ ለዚህ ብቻ ጥቂት አምፑሎች በማቀዝቀዣ ይቀመጡ።