21 አሃዙን ቁጥር በስልኬ በተንኩት፦ ስለ አልፐርትሮን ካልኩሌተር

የ9ኛ ክፍል ሒሳብ አስተምራለሁ። መጽሐፉ ላይ 180ን እና 1,260ን ወደ ፕራይም አካፋዮቻቸው (ከ1 እና ከራሳቸው በቀር ለሌላ ቁጥር ወደማይካፈሉት) እንበትናለን፤ ከዚያ ደወል ይደወላል። ዘንድሮ ግን አንዲት ተማሪ "ቲቸር፣ ቁጥሩ በጣም ትልቅ ቢሆንስ?" አለችኝ። ጥያቄዋን ይዤ ቤቴ ገባሁ።

ያገኘሁት ዳሪዮ አልፐርን የሚባል አርጀንቲናዊ የሠራው ካልኩሌተር ነው። ስሙ አልፐርትሮን ነው፤ በስልክ ብሮውዘር ይከፈታል። ነፃ ነው። ስሌቱን የሚሠራው የራሳችሁ ስልክ ስለሆነ፣ ገጹ አንዴ ከተከፈተ በኋላ ኔትወርክ ቢጠፋም አያቋርጥም። እኛ ሰፈር ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

መጀመሪያ 2^67-1ን (67 ሁለቶች ተባዝተው 1 ሲቀነስ) አስገባሁ። 147,573,952,589,676,412,927 ማለት ነው፤ 21 አሃዝ። ይህ ቁጥር ታሪክ አለው። ፈረንሳዊው መነኩሴ ማሪን መርሴን በ1644 እ.ኤ.አ. ፕራይም ነው ብሎት ነበር። በ1876 የሒሳብ ሊቁ ኤድዋርድ ሉካ ኮምፖዚት (ፕራይም ያልሆነ) መሆኑን አረጋገጠ፤ ግን አንድም አካፋይ ሳያገኝለት! አካፋዮቹን ያወጣቸው ፍራንክ ኔልሰን ኮል ነው። በ1903 ኒውዮርክ ውስጥ በአሜሪካ ሒሳብ ማኅበር ስብሰባ ላይ አቀረባቸው።

ስልኬ መልሱን ወዲያው አመጣው፦ 193,707,721 × 761,838,257,287። ለአፍታ ዝም ብዬ አየሁት። ከሥር ደግሞ ሌላ ዝርዝር አለ። ቁጥሩ 4 አካፋዮች ብቻ አሉት (1፣ እነዚህ ሁለቱ እና ራሱ)፤ ድምራቸው 147,573,953,351,708,377,936 ነው። ቁጥሩን የካሬዎች ድምር አድርጎም ያሳያል።

በማግስቱ ሁለቱን አካፋዮች ሰሌዳ ላይ ጻፍኩና "አባዙ" አልኳቸው። ዘጠኝ ረድፍ ማባዛት ነው። መጀመሪያ አንዱ ረድፍ ላይ የያዝነውን ሳንደምር ቀረንና ተሳሳትን። እንደገና ጀመርን። የመጨረሻዎቹ አሃዞች ሲገጥሙ ክፍሉ በጭብጨባ ተናወጠ።

ከዚያ በጣም የምወደውን አሳየኋቸው። 193,707,721 ላይ 1 ቀንሱና ለ134 አካፍሉ። ልክ 1,445,580 ይደርሳል፤ ቀሪ የለም። ሁለተኛውንም እንዲሁ አድርጉ፤ 5,685,360,129 ይወጣል። 134 ደግሞ የ67 እጥፍ ነው። አጋጣሚ እንዳይመስላችሁ። 67 ፕራይም ስለሆነ የ2^67-1 አካፋይ ሁሉ ለ134 ሲካፈል 1 ይተርፈዋል። ስለዚህ ኮል ዓይነት ፈላጊ ቁጥሮችን ሁሉ አንድ በአንድ መሞከር የለበትም፤ አብዛኞቹን ገና ሳይነካቸው ይጥላቸዋል።

ካልኩሌተሩ ይህን አይነግራችሁም። መልሱን ይሰጣል፣ ምክንያቱን መምህሩ ይጨምርበት። አማርኛም የለውም፤ ቃላቱን ለልጆቹ ቀድማችሁ አስረዷቸው። ስልክ ለመስጠት ደግሞ አትቸኩሉ። ልጁ 1,260ን በእጁ ሳይበትን ይህን ቢከፍት ምንም አያገኝበትም።

አቅሙም ወሰን አለው። እስከ 60 እና 70 አሃዝ ድረስ የእኔ መካከለኛ ስልክ በትዕግሥት ተወጥቶታል። ሲሠራ የትኛው የኤሊፕቲክ ከርቭ (አንድ አካፋይ መፈለጊያ ዘዴ) ሙከራ ላይ እንደደረሰና ስንት ደቂቃ እንደፈጀ ያሳያል፤ ተማሪዎቼ እሱን እንደ ኳስ ጨዋታ ሰዓት ነው የሚያዩት።

ያቺ ተማሪ ግን አልረካችም። "የማይችለውስ?" አለች። 2^1277-1ን ሰጠኋት፤ 385 አሃዝ ነው። ኮምፖዚት መሆኑ ተረጋግጧል፤ ከ1 እና ከራሱ በቀር ግን አንድም አካፋዩ እስካሁን አልታወቀም። የዓለም ትልልቅ ኮምፒውተሮች ያላገኙትን ስልክ እንደማያገኘው ነገርኳት። "ቢሆንም እንሞክረው" አለች። ስልኬን ቻርጀር ላይ ሰክተን ጠረጴዛዬ ላይ ተውነው። በየእረፍቱ እየመጣች ስንተኛው ከርቭ ላይ እንደደረሰ ደብተሯ ላይ ትጽፋለች።