ሐዋሳን ከላይ ለማየት፦ ሴስና 172 ወይስ ዳይመንድ ዲኤ40?

ማይክሮሶፍት ፍላይት ሲሙሌተር በተባለው የአውሮፕላን ማብረሪያ ጌም ላይ የሐዋሳን ሐይቅ መዞር ካማረህ፣ ከእነዚህ ሁለት ትንንሽ አውሮፕላኖች ለመምረጥ መጀመሪያ የምታየው የክንፉን ቦታ ነው። የሴስና 172 ክንፍ ከራስህ በላይ ነው። ቀጥ ብለህ ስትበር አሞራ ገደልም ታቦር ተራራም በጎን መስኮት ቁልጭ ብለው ይታያሉ። ችግሩ ስትታጠፍ ነው። ለማረፍ ወደ ግራ ስታጋድል የግራው ክንፍ ይወርድና ማኮብኮቢያውን ይጋርደዋል። በጣም በምትፈልገው ሰዓት!

ዲኤ40 ተቃራኒው ነው። ክንፉ ከታች ስለሆነ በቀጥታ በረራ ከጎን ያለውን መሬት በከፊል ይሸፍናል፤ ስታጋድል ግን ማኮብኮቢያው ወለል ይላል። መስታወቱም ሰፊ ነው። ለማረፍ ልምምድ እኔ እሱን እመርጣለሁ።

እውነተኛ አብራሪ አንገቱን ሰገግ አድርጎ ያያል። ስክሪን ላይ አንገትህ ካሜራው ነው፤ የጭንቅላት እንቅስቃሴ መከታተያ ከሌለህ የሴስናው ግርዶሽ ይበልጥ ያናድዳል። በሁለቱም ላይ የዓይን ከፍታውን አስተካክል። ካሜራው ዝቅ ካለ ዳሽቦርዱ ማኮብኮቢያውን ይውጠዋል። ኤርባስ ላይ እኮ አብራሪው የመቀመጫውን ከፍታ የሚያስተካክለው መስታወቱ መሃል ያሉትን ትንንሽ ኳሶች በዓይኑ አሰልፎ ነው። ዙሙንም አታብዛው፤ በጣም ካራቅከው ማኮብኮቢያው ካለበት ርቆ ይታይሃል።