ሲስተር፣ እናቴን ስለመለስሽልኝ

እማዬ አሁን ጓዳ ሆና ሽሮ ታማስላለች። እኔ በረንዳ ላይ ቁጭ ብዬ ይህን እጽፋለሁ። ለዚህ ቀን ያበቃችን አንዲት ነርስ ናት። ስሟን በአደባባይ እንዳልጠራ ስለለመነችኝ «ሲስተር» እያልኩ እቀጥላለሁ።

ጊዜው ነሐሴ ነበር። የደብረ ማርቆስን የነሐሴ ብርድ የቀመሰ ያውቀዋል። ማታ ቡና ተፈላ። ከሰሉ ፍም ብቻ ሲቀር እማዬ «ጭሱ አልቋል፣ ቤቱን ያሙቅልን» ብላ ማንደጃውን እሷና ታናሽ እህቴ የሚተኙበት ክፍል አስገባችው። በሩም መስኮቱም ተዘጋ።

ሌሊት እህቴ ስታስመልስ ሰምቼ ነቃሁ። እማዬን ብጠራት ብጠራት አትመልስም። ጎትተን ደጅ አወጣናት። ንጹሕ አየር ስታገኝ ዓይኗን ገለጠች፤ አንደበቷ ግን ይተሳሰራል፣ «ራሴን፣ ራሴን» ትላለች። ጎረቤት ተሰበሰበ። «ምች ነው፣ ዳማከሴ አምጡ» ተባለ።

በባጃጅ መጀመሪያ የደረስንበት ክሊኒክ ጣቷ ላይ መሣሪያ አደረጉላት፤ 96 አለ። «ኦክስጅኗ ደህና ነው» ብለው የራስ ምታት ክኒን ሰጥተው ሸኙን። ልቤ አልቀበል አለኝ። ሁለቱንም ይዤ ሌላ ቦታ ሄድኩ። ተረኛዋ ሲስተር ነበረች።

ገና ሳንቀመጥ «ከሰል ቤት ውስጥ አድሯል?» አለች። አዎ ስላት ስለ 96 የምነግራትን አላስጨረሰችኝም። «እሱ ቁጥር እዚህ ላይ አያገለግልም» አለችና ትልቁን የኦክስጅን ሲሊንደር ከሌላ ክፍል ራሷ እየገፋች አመጣች። ከረጢት ያለውን ማስክ ለሁለቱም አደረገችላቸው። ሐኪሙን ያስጠራችውም እሷው ናት። እስኪነጋ ከአጠገባቸው አልራቀችም።

ምክንያቱን ያስረዳችኝ በኋላ ነው። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም። ጭሱ አልቆ ፍሙ ከቀላ በኋላም ይወጣል። በደማችን ኦክስጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዘዋል። ተራው የጣት መሣሪያ ሁለቱን አይለያቸውም፤ ጋዙን የተሸከመውን ደም ኦክስጅን እንደተሸከመ ይቆጥረዋል። እማዬ ታፍና ሳለ 96 ያለው ለዚህ ነው።

ጠዋት ጀርመን ያለው አጎቴ ደወለ። «እዚህ ቢሆን ግፊት ያለው ክፍል ውስጥ ነበር የሚያስገቧት፣ ሃይፐርባሪክ ይሉታል» አለኝ። ደነገጥኩ። እናቴ የቀረባት ነገር ያለ መሰለኝ። ሲስተርን ጠየቅኋት። ደክሟታል፤ ሌሊቱን ሙሉ ቆማለች። ግን ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«አምቦ ውሃ ታውቂያለሽ አይደል? ጋዙ ውሃው ውስጥ ሟሙቶ የሚቆየው በግፊት ስለታሸገ ነው። ስትከፍቺው ይፈላል።» ክፍሉም የሚሠራው በዚሁ ሕግ ነው አለችኝ። በሽተኛው በባሕር ጠረፍ ካለው የአየር ግፊት 2 ወይም 3 እጥፍ በሆነ ግፊት ውስጥ ሆኖ ንጹሕ ኦክስጅን ይተነፍሳል። ያኔ ኦክስጅኑ በሄሞግሎቢን ብቻ ሳይሆን በደሙ ውሃ ውስጥም ሟሙቶ ይሄዳል። ተራ አየር ስንተነፍስ በካርቦን ሞኖክሳይድ የተያዘው ደም በግማሽ ለመቀነስ ከ4 እስከ 5 ሰዓት ይፈጅበታል። በማስክ ንጹሕ ኦክስጅን ሲሆን አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ። በ3 እጥፍ ግፊት ደግሞ 20 ደቂቃ አካባቢ። ክፍሉ በተለይ የሚታሰበው ራሱን ለሳተ፣ ልቡ ለተነካ ወይም ለነፍሰ ጡር ነው። ከማስኩ ምን ያህል እንደሚበልጥ ግን ሐኪሞች ዛሬም ይከራከሩበታል። «ለእናትሽ የሚያስፈልጋት ማስኩን ሳታወልቅ መቆየት ነው» አለችኝ። ያን ጊዜ ነው ያለቀስኩት።

በማግስቱ እማዬ በእግሯ ወጣች። እህቴም ዳነች። ሲስተር በዚህ አላበቃችም። ጉዳቱ ከሳምንታት በኋላ በመርሳት ወይም በአረማመድ ሊመጣ ስለሚችል እስከ 40 ቀን ድረስ እየደወለች ጠየቀችን። «ዛሬ ቀኑ ስንት ነው በያት» ትለኛለች። እማዬ ከነታቦቱ ትነግራታለች!

ጎረቤታችን ጋሼ ስኳር አለባቸው፤ የእግራቸው ቁስል እምቢ ብሎ ከርሟል። ወሬውን ሰምተው «ያ ማሽን ለእኔስ?» ብለው ጠየቋት። አላፌዘችባቸውም። አልድን ያለ የስኳር ቁስል በክፍሉ ከሚታከሙት አንዱ እንደሆነ፣ የጠላቂ ዋናተኞች ሕመምና የጨረር ሕክምና ያመጣው ጉዳትም እንደሚታከምበት ነገረቻቸው። «ስኳርዎ ካልተስተካከለና ቁስሉን እየረገጡ ከሄዱ ግን እሱም ብቻውን አያድንዎትም» አለች። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ቤታቸው መጥታ ቁስሉን ታጥብላቸዋለች፤ ጫማቸውንም አስቀይራለች። ቁስሉ እየጠበበ ነው።

ማርቆስና አካባቢዋ ያላችሁ፣ ቤት ድረስ መጥቶ ቁስል የሚያጥብ ከፈለጋችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ስልኳን አስፈቅጄ እሰጣችኋለሁ። ዋጋዋን ቀድማ ትናገራለች፣ ከአቅሟ በላይ የሆነውንም ቶሎ ወደ ሆስፒታል ትልካለች።

ሲስተር፣ እድሜና ጤና ይስጥሽ። እማዬ «ለመስቀል እኛ ቤት ካልመጣች እቀየማታለሁ» ብላሻለች። ማንደጃው ከዚያን ቀን ጀምሮ ደጅ ነው የሚያድረው።