የካልቸር ምርመራ አገልግሎት በአንድ የአዲስ አበባ ላቦራቶሪ፦ የተጠቃሚ ግምገማ

ካልቸር (ከናሙናው ባክቴሪያ አብቅሎ የትኛው መድኃኒት እንደሚሠራበት የመፈተን ምርመራ) የማይሠሩ ሆስፒታሎች ናሙናውን በአስታማሚ እጅ ወደ ውጭ ላቦራቶሪ ይልካሉ። ይህ ግምገማ የሚመለከተው አማቴ ከሆድ ቀዶ ሕክምና በኋላ ቁስላቸው አመርቅዞ በተኙበት ወቅት የተገለገልንበትን አንድ የግል ላቦራቶሪ ነው። በሙያዬ ፋርማሲስት ስለሆንኩ ውጤቱን ከመቀበል አልፌ እንዴት እንደተሠራ መጠየቅ ችያለሁ፤ የላቦራቶሪውን ስም ያልጠቀስኩት ያየሁት ድክመት የእሱ ብቻ ነው ብዬ ስለማላምን ነው።

አገልግሎቱን በጥብቅ መመዘን የሚያስፈልገው ብዙ ነገር በውጤቱ ላይ ስለሚመሠረት ነው። በሆስፒታል ውስጥ ቁስልን፣ የሽንት ካቴተርንና የመተንፈሻ ቱቦን ተከትለው ከሚመጡት ባክቴሪያዎች መካከል ክሌብሲየላና አሲኔቶባክተር የታወቁ ናቸው። ክሌብሲየላ ኢኤስቢኤል የተባለውን ኢንዛይም ሲያመርት በየዋርዱ በብዛት የሚታዘዘውን አንቲባዮቲክ ሴፍትሪያክሶንን ይሰባብረዋል፤ ካርባፔኔሜዝ የተባለውን ሌላ ኢንዛይም የሚያመርት ከሆነ ደግሞ ከእሱ የጠነከረው አንቲባዮቲክ ሜሮፔኔምም አይበግረውም። ይህን ችሎታ የሚሰጡት ጂኖች ብዙውን ጊዜ ፕላዝሚድ በተባለ ትንሽ የዲኤንኤ ቀለበት ላይ ስለሚገኙ ከአንድ ባክቴሪያ ወደ ሌላው፣ ዝርያ ሳይለዩ፣ ይተላለፋሉ። በ2019 እ.ኤ.አ. በዓለም ዙሪያ መድኃኒት በተላመዱ ባክቴሪያዎች በቀጥታ የሞተው ሰው 1.27 ሚሊዮን እንደሚደርስ ተገምቷል። እንዲህ ባለ ሁኔታ ያለ ካልቸር መድኃኒት መቀያየር በሽተኛውን በግምት ማከም ነው።

የላቦራቶሪው ጠንካራ ጎን የጠረጴዛው ሥራ ነው። ጥያቄ ባበዛሁባት ጊዜ ያልተሰላቸችው ቴክኖሎጂስት ባክቴሪያው የበቀለበትን ሳህን አውጥታ አሳየችኝ። ክሌብሲየላው አጋሩን (ባክቴሪያ የሚያድግበትን ጄል) እንደ ስስ ሻሽ ሸፍኖታል፤ በሜሮፔኔም ዲስክ (መድኃኒቱን በያዘው ትንሽ ክብ ወረቀት) ዙሪያ ምንም ያልበቀለበት ሰፊ ክብ ይታያል፤ በሴፍትሪያክሶን ዙሪያ ግን ባክቴሪያው እስከ ዲስኩ ጠርዝ ድረስ በቅሏል። የክቡን ስፋት በዓይን ግምት ሳይሆን በማስመሪያ ለካችው። ለሁለቱም መድኃኒቶች 23 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ሲሆን «ይሠራል»፣ 19 እና ከዚያ በታች ሲሆን «አይሠራም» ተብሎ እንደሚነበብ ከግድግዳው ሠንጠረዥ አመሳከረችልኝ። ዲስኮቹ ኃይላቸውን አለማጣታቸውን ለማረጋገጥም ባሕርይው አስቀድሞ የታወቀ ኢ. ኮላይ እያሳደጉ ይፈትሻሉ። ይህን የሚያደርግ ላቦራቶሪ ምስጋና ይገባዋል።

የናሙና አቀባበሉ ግን እጅግ ደካማ ነው። ከዋርድ ይዤ የሄድኩት ጥጥ ከቁስሉ የላይኛው ገጽ የተጠረገ፣ አማቴም ሴፍትሪያክሶን ከጀመሩ በኋላ የተወሰደ ነበር። እንግዳ ተቀባዩ ገንዘቡን ተቀብሎ ደረሰኝ ከመስጠት በቀር አንድም ጥያቄ አልጠየቀኝም፤ ቅጹም በሽተኛው የሚወስደውን አንቲባዮቲክ የሚጻፍበት ቦታ የለውም። ከላይ በተጠረገ ጥጥ ላይ የሚበቅለው ባክቴሪያ ቆዳ ላይ የሚኖር እንጂ በሽታውን ያመጣው ላይሆን ይችላል። ቁስሉ በሳላይን ታጥቦ መግሉ ከጥልቀቱ በመርፌ እንዲወሰድ የጠየቅሁት እኔው ነኝ፤ ነርሷም በቅንነት ተባበረችኝ፣ በሳህኑ ላይ ያየሁትም ከዚህ ከሁለተኛው ናሙና የበቀለውን ነው። ፋርማሲስት ያልሆነ አስታማሚ ይህን ከየት ያውቃል? የደም ካልቸርም ቢሆን በተቻለ መጠን ከመጀመሪያው መርፌ በፊት፣ ለአዋቂ በአንድ ጠርሙስ ከ8 እስከ 10 ሚሊ ሊትር፣ ከሁለት የተለያዩ ቦታዎች መወሰድ እንዳለበት የሚገልጽ አንድ ገጽ ወረቀት እንኳ ለዋርዶች አልተላከም።

ሁለተኛው ቅሬታዬ በውጤት አሰጣጡ ላይ ነው። የግራም ስቴይን (ናሙናውን ቀለም ቀብቶ ባክቴሪያውን በማይክሮስኮፕ የማየት ምርመራ) ውጤት ናሙናው በደረሰበት ዕለት ታውቆ ሳለ ለሐኪሙ የደወለ አልነበረም፤ ሙሉው ውጤት እስኪታተምና እኛ ሄደን እስክንወስደው ጠበቀ። በወረቀቱ ላይ የመድኃኒቶቹ ስምና «ይሠራል»፣ «አይሠራም» የሚል ቃል ብቻ እንጂ ያ በጥንቃቄ የተለካ ሚሊ ሜትር አልሰፈረም። ከሁሉም በላይ ያሳሰበኝ ኮሊስቲን በዲስክ ተፈትኖ «ይሠራል» መባሉ ነው። ኮሊስቲን ትልቅ ሞለኪውል በመሆኑ አጋር ውስጥ በደንብ አይሠራጭም፤ ስለዚህ በዲስክ የሚገኘው ውጤት አያስተማምንም፣ በፈሳሽ ውስጥ በተለያየ መጠን ተበርዞ ሊፈተን ይገባል። ሌላው ሁሉ ሲከሽፍ የሚታሰብ፣ ኩላሊትንም የሚጎዳ መድኃኒት በእንዲህ ያለ ውጤት ላይ ተመሥርቶ ሊታዘዝ እንደሚችል ሳስብ ዝም ማለት አልቻልኩም፤ ለኃላፊው በጽሑፍ አመልክቻለሁ።

ዋጋው ለደመወዝተኛ ቀላል አይደለም። ቢሆንም የምርመራው ክፍያ ለማይሠራው ሴፍትሪያክሶን ካወጣነው ገንዘብ ጋር ሲነጻጸር ተገቢ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ሐኪሙ ውጤቱን ባዩበት ዕለት ሴፍትሪያክሶኑን አቁመው ሜሮፔኔም አዘዙ፤ የአማቴም ትኩሳት በረደ።

ሌላ ናሙና የሚላክ ቢኖረኝ ወደዚሁ ላቦራቶሪ እሄዳለሁ፤ ናሙናው እንዴት እንደተወሰደ ግን ዋርዱ ውስጥ ራሴ አረጋግጬ፣ በሽተኛው የጀመረውንም አንቲባዮቲክ በቅጹ ጀርባ ጽፌ። ኮሊስቲንን በዲስክ መፈተን እስካልተዉ ድረስ ያንን አንዱን መስመር ሐኪሙ እንዳይመሠረትበት እነግረዋለሁ።