ጅማ ውስጥ የእንግሊዝኛ አስጠኚ የምትፈልጉ ወላጆች፣ እባካችሁ ይቺን መምህርት ያዟት

ሰላም የጅማ ሰዎች፣ እንደዚህ አይነት ነገር ጽፌ አላውቅም ግን ይቺን ልጅ በሰው ፊት ካላመሰገንኩ እንቅልፍም አይወስደኝ።

ልጄ ዘንድሮ 12ኛ ክፍል ናት። ፈተናው ከ2015 ጀምሮ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ መፈተን ከሆነ ወዲህ የኛ የወላጆች ጭንቀት ሌላ ነው፣ የደረሰበት ያውቀዋል። እንግሊዝኛ ትንሽ ስለሚከብዳት አንድ ቦታ ቱቶሪያል አስገባኋት፣ ስሙን አልጠራም፣ የሦስት ወር ቀድሜ ከፍዬ። ልጁ እላይ በላይ ታጭቆ አስተማሪው ሩሉን ሰሌዳ ላይ ይገለብጥና ሸምድዱ ብሎ ስልኩን ይነካካል። አንድ ቀን ልጄን አስነስቶ ሲጠይቃት «ኤቭሪባዲ ሃቭ» ብላ መለሰች፣ ለካ «ሃዝ» ነው መባል ያለበት፣ ሳቀባት፣ ክፍሉን ሙሉ አሳቀባት። ለምን እንደሆነ ግን አልነገራትም! ቤት መጥታ ስታለቅስ አመሸች፣ ከዛ በኋላ የእንግሊዝኛ ደብተሯን ስታይ ፊቷ ይለዋወጥ ነበር። ሄጄ ሳናግራቸው ገንዘብ አይመለስም አሉኝ፣ እኔ መች ስለ ገንዘብ ጠየቅኩ? እስካሁን ያንገበግበኛል።

ከዛ ጎረቤቴ ይቺን መምህርት ጠቆመችኝ። የመጀመሪያው ቀን ዝናቡን ታውቁታላችሁ የጅማ ዝናብ ነው፣ ባጃጅ አጥታ ቆጪ ድረስ በጭቃ በእግሯ መጣች። ቡና አፍልቼ ነበር። ልጄ ያቺኑ ነገር ፈራ ተባ እያለች ጠየቀቻት፣ ኤቭሪባዲ ማለት ሁሉም ሰው ከሆነ ብዙ አይደለም ወይ፣ ለምን ሃዝ ይሆናል? መምህርቷ አልሳቀችም። ወደኔ ዞር አለችና «እትዬ፣ ሁሉም ሰው ቡና ጠጣ ነው የሚሉት ወይስ ሁሉም ሰው ቡና ጠጡ?» አለችኝ። ጠጣ ነዋ አልኩ። «ማንም አልመጣም ነው ማንም አልመጡም?» አልመጣም! «በቃ፣ ኤቭሪባዲም ኖባዲም እንደዛው እንደ አንድ ሰው ነው የሚቆጠሩት።» ከዛ ረከቦቱን እያሳየች ከቡናው የተወሰነው ፈሰሰ፣ ከሲኒዎቹ የተወሰኑት ተሰበሩ እንል የለ፣ በእንግሊዝኛ «ሳም»፣ የተወሰነ ለማለት፣ ስትሉም የምን ሳም እንደሆነ እያያችሁ ለቡናው ኢዝ ለሲኒዎቹ አር ትላላችሁ አለች። ልጄ «እንዴ ይሄንማ አውቀዋለሁ!» ብላ ሳቀች። ያን ሳቅ ከሰማሁ ስንት ጊዜዬ!

እኔ ከ8ኛ ክፍል ነው ያቋረጥኩት፣ አባቴ ሲሞት ታናናሾቼን የሚያይ ጠፍቶ፣ እንግሊዝኛ የሌላ ሰው ነገር ነው ብዬ ነው የኖርኩት። ያን ቀን ጀበናውን እንደያዝኩ እንባዬ መጣ፣ ሰው ቤት ገብቶ እናትየውንም ሳይንቅ የሚያስተምር አለ ለካ።

ከዛ ወዲህ «ኢች»፣ «ናይዘር» የሚባሉትን ቃላት ሌላም ብዙ ነገር አስጠንታታለች፣ እሱን እኔ አልችለውም፣ ግን ልጄ አሁን ማታ ማታ ሳትለመን ነው መጽሐፏን የምታወጣው፣ ታናሽ ወንድሟንም «ሁሉም ሰው ጠጣ» እያለች ታስጠናዋለች።

እህቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ውለታሽን አልረሳውም። ወላጆች እባካችሁ ልጃችሁ ተሸማቆ ዝም ካለ ለሷ ስጧት፣ ደግሜ እላለሁ ለሷ ስጧት። ስልኳን እዚህ አልለጥፍም፣ በውስጥ መስመር ጠይቁኝ፣ አስፈቅጃታለሁ። ቅዳሜ ከሰዓት የሁለት ልጅ ቦታ ቀርቶኛል ብላለች፣ ቶሎ በሉ።