የተከራየነው የኮንክሪት ፓምፕ፦ ከፍጥነቱ ባሻገር

አዲስ አበባ ውስጥ ለምንሠራው ሕንፃ ሶሌታ (የኮንክሪት ወለል) ሙሌት የተከራየነው ባለ ቡም፣ ማለትም ባለ ረጅም ተጣጣፊ ክንድ፣ የኮንክሪት ፓምፕ በፍጥነቱ የሚወቀስበት ነገር የለም። በባሬላ ቢሆን ሙሉ ቀን ይፈጅ የነበረው ሙሌት ከምሳ በፊት ተጠናቋል፤ ዋጋውም ከገበያው የራቀ አይደለም። እኔ ግን አከራይን የምመዝነው ለግፊት በሚሰጠው ጥንቃቄ ነው።

እንዲህ ያለው ፓምፕ ኮንክሪቱን እስከ 70 ባርና ከዚያም በላይ በሆነ ግፊት ሊገፋ ይችላል፤ ይህም የቤት መኪና ጎማ ከሚይዘው 30 እጥፍ ያህል ነው። ቧንቧው ሲደፈን፣ ወይም ሆፐሩ (ኮንክሪቱ የሚገለበጥበት የፓምፑ ገንዳ) ጎድሎ አየር ሲገባ፣ የታመቀው አየር ጫፉ ላይ በድንገት ስለሚለቀቅ ከቧንቧው ጫፍ የሚንጠለጠለው የጎማ ቱቦ ተወናጭፎ አጠገቡ የቆመውን ሠራተኛ ሊመታ፣ ከሶሌታው ጠርዝም ሊጥለው ይችላል።

ኦፕሬተሩ ይህን ጠንቅቆ ያውቃል። ሥራው ሲጀመርም ሆነ ከተቋረጠ በኋላ ዳግም ሲነሳ፣ ኮንክሪቱ ሳይቆራረጥ መፍሰስ እስኪጀምር ድረስ የጎማ ቱቦውን ማንም እንዲይዝ አልፈቀደም። አንድ ወጣት የቀን ሠራተኛ ቱቦውን ሊያቅፍ ሲጠጋ ፓምፑን አቁሞ «ወንድሜ፣ ዞር በል፤ መጀመሪያ አየሩ ይውጣ» አለው። ሚክሰር ዘግይቶ ቧንቧው በተደፈነ ጊዜም፣ ፎርማናችን ቢቸኩልም፣ ፓምፑን ወደ ኋላ አሠርቶ ግፊቱን ሳያስተነፍስ የቧንቧ ማያያዣ ክላምፕ አላስፈታም። ሊመሰገን ይገባዋል።

ቅሬታዬ በአከራዩ ላይ ነው። ከቧንቧ ማያያዣ ክላምፖች አንዳንዶቹ የመቆለፊያ ፒን አልነበራቸውም፤ በፒኑ ፋንታ ፌሮ የሚታሰርበት ጥቁር ሽቦ ተጠምጥሞባቸው ስላየሁ፣ ፒን እስኪመጣ ድረስ ሥራው እንዳይጀመር አድርጌአለሁ። የቧንቧ ግድግዳ፣ በተለይ መታጠፊያው ላይ፣ በጠጠርና በአሸዋ እየተፋቀ ስለሚሳሳ ውፍረቱ በየጊዜው መለካት አለበት፤ መቼ እንደተለካ ብጠይቅ የቀረበልኝ መዝገብ የለም። ሙሌቱ ካለቀም በኋላ ቧንቧውን በታመቀ አየርና በስፖንጅ ኳስ ሊያጸዱ ሲዘጋጁ ኳሱን የሚይዝ ቅርጫት ጫፉ ላይ ስላልነበረ፣ በውኃ እንዲታጠብ ጠይቀን ተፈጽሟል።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 92 የሠራተኛውን ደኅንነት የመጠበቅ ግዴታ በአሠሪው ላይ ስለሚጥል፣ ማሽኑ የኪራይ ነው ማለት ለእኛ ለተቋራጮችም ማምለጫ ሊሆን አይገባም። ለቀጣዩ ሶሌታ ይህንኑ ኦፕሬተር እጠይቃለሁ፤ ፒኖቹ፣ ቅርጫቱና የቧንቧው የልኬት መዝገብ ተሟልተው ካልቀረቡ ግን ውሉን አልፈርምም።